የድሮው ስልክ በኢንተርኔት፦ ስለ ስልክ አዳፕተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳፕተሩ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

አዳፕተሩ መደበኛውን የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። ሥራው ሁለት ወገን ማታለል ነው። ለስልካችሁ የስልክ ማዕከል መስሎ ይቀርባል። ለኢንተርኔቱ ደግሞ የሲፕ ስልክ መስሎ ይታያል። ሲፕ ማለት በኢንተርኔት ጥሪ የሚጀመርበትና የሚዘጋበት መግባቢያ ነው።

መደበኛው ስልክ ከመስመሩ የሚጠብቀው ነገር አለ። እጀታው ሳይነሳ 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ፣ ሲነሳ የመደወያ ድምፅ፣ ሲደወልለት ደግሞ ደወሉን የሚያንቀጠቅጥ ከፍ ያለ ቮልቴጅ። ድሮ ይህን ሁሉ የሚልከው ማዕከሉ ነበር። አሁን የሚሰጠው መዳፍ የምታህል ሳጥን ነው። ከዚያ የተናገራችሁትን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይቆርጣል፣ አሽጎ ይልካል። በሰከንድ 50 እሽግ ማለት ነው።

ይህን የሁለት ፊት ነገር ያዙልኝ። ብልሽት ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት "የትኛው ፊት ነው የተበላሸው?" ብላችሁ ነው። በስልኩ በኩል ከሆነ ጉዳዩ ገመድ፣ ቮልቴጅና ድምፅ ነው። በኢንተርኔቱ በኩል ከሆነ ራውተር፣ ፓስወርድና ኔትወርክ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው አንዱን ፊት ማየት ሲገባው ሌላውን ሲነካካ ነው።

ኤፍኤክስኤስ እና ኤፍኤክስኦ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ኤፍኤክስኤስ ኤሌክትሪክ ሰጪ ነው፤ ስልክ ይሰካበታል። ኤፍኤክስኦ ተቀባይ ነው፤ ከግድግዳ የሚመጣው የስልክ መስመር ይሰካበታል። አንድ ስልክ በኢንተርኔት ለማስደወል የሚያስፈልጋችሁ ኤፍኤክስኤስ ብቻ ነው።

ችግሩ ሁለቱ ጉድጓዶች ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ሙሉ በዚህ ተቃጥያለሁ። ስልኩን አነሳለሁ፣ ጭጭ። ሪሴት አደረግኩ፣ ፈርምዌር (የሳጥኑን ውስጣዊ ፕሮግራም) ቀየርኩ፣ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት ሰጪው ጋ ደውዬም ተነጫነጭኩ። ኋላ ሳየው ገመዱን የሰካሁት "ላይን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የስልክ ገመድ የሚገባው "ፎን" የሚለው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የሳጥኑን ጀርባ በደንብ አንብቡ።

ስገዛ ምን ልይ?

ዋናው ነገር ያልተቆለፈ መሆኑ ነው። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች አዳፕተሩን ለራሳቸው ሰርቨር ብቻ እንዲሠራ ቆልፈው ነው የሚሰጡት። እንዲህ ያለውን ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ብትገዙት ጌጥ ነው የሚሆንባችሁ፤ ሪሴት ማድረግም ብዙ ጊዜ አይከፍተውም። ከዚያ ስንት ስልክ እንደሚይዝ እዩ። ለምሳሌ የግራንድስትሪም ኤችቲ801 አንድ ስልክ ይይዛል፣ ኤችቲ802 ሁለት። ፋክስ ካላችሁ ቲ.38 የሚባለውን በኢንተርኔት ፋክስ መላኪያ ደንብ የሚችል ይሁን።

እንዴት ነው የሚገጠመው?

መሰካቱ ቀላል ነው። የኔትወርኩን ገመድ ከራውተሩ ወደ አዳፕተሩ፣ የስልኩን ገመድ ወደ ፎን ጉድጓዱ፣ ከዚያ ኃይል። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የራሱን ፓወር ሰፕላይ ተጠቀሙ። ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ ቻርጀር መሰካት ብዙ ሳጥን ገድሏል።

ቀጥሎ የአዳፕተሩን አይፒ አድራሻ ማወቅ አለባችሁ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ሳጥኑ ራሱ ይነግራችኋል። በግራንድስትሪም ከሆነ ስልኩን አንሱና ኮከብን ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ድምፅ ይመጣል። 02 ብትሉ አድራሻውን ቁጥር በቁጥር ታነብላችኋለች። እስክሪብቶ ያዙ፣ ፈጠን ትላለች። በድሮዎቹ ሊንክሲስና ሲስኮ ኤስፒኤ ደግሞ ኮከብ አራት ጊዜ፣ ከዚያ 110 እና መሰላል (#) ነው።

የሰማችሁትን አድራሻ በዚያው ኔትወርክ ባለ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ጻፉት። የመግቢያ ገጽ ይከፈታል። በቆዩ ሳጥኖች የመጀመሪያው ፓስወርድ አብዛኛውን ጊዜ "አድሚን" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ከሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። እንደገባችሁ ቀይሩት። "በኋላ እቀይረዋለሁ" ያለ ሰው አይቀይረውም።

ውስጥ ከሚታየው ብዙ መቼት የሚያስፈልጋችሁ አራት ነው፦ የሲፕ ሰርቨሩ ስም፣ ዩዘር አይዲ፣ ኦተንቲኬሽን አይዲና ፓስወርድ። አራቱንም አገልግሎት ሰጪው ይሰጣችኋል። ዩዘር አይዲና ኦተንቲኬሽን አይዲ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደሉም። ፓስወርዱን ስትገለብጡ ከጫፉ ክፍት ቦታ አብሮ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስንቱን አስጨንቋል።

አዳፕተሩ ሰርቨሩ ላይ አልመዘገብ አለ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የአዳፕተሩን የሁኔታ ገጽ እዩ፤ ሰርቨሩ የሚመልሰው በቁጥር ነው። ጨርሶ መልስ ካልመጣ ወይም 408 ከታየ መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፣ ወይም መልሱ አልተመለሰም። የሰርቨሩ ስም፣ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚለውጠው) ወይም ፋየርዎል (ያልተፈቀደውን የሚያግደው) ላይ አተኩሩ። 403 ከመጣ ሰርቨሩ ሰምቷችሁ እምቢ ብሏል፤ ፓስወርዱን ወይም የአካውንቱን ሁኔታ አጣሩ። 404 ከሆነ ዩዘር አይዲው አይታወቅም።

401 ስታዩ ግን አትደንግጡ። ሰርቨሩ "ማንነትህን አረጋግጥ" ማለቱ ነው። አዳፕተሩ ከፓስወርዱ ያሰላውን መልስ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ 200፣ ማለትም "እሺ" ይመጣል። ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ከፍተው 401 ሲያዩ "ተበላሸ" ብለው ያስተካከሉትን የሚያፈርሱ ሰዎች አውቃለሁ። ስህተት የሚሆነው 401 እየተደጋገመ 200 ሳይመጣ ሲቀር ነው።

እሱ ይሰማኛል፣ እኔ ግን አልሰማውም። ወይም ተቃራኒው። ለምን?

በጣም የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጥሪው የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው። "ልደውል ነው"፣ "አነሳሁ"፣ "ዘጋሁ" የሚሉት መልእክቶች በሲፕ ይሄዳሉ፤ የተለመደው ፖርት (የበር ቁጥር) 5060 ነው። ድምፁ ራሱ ግን በሌላ ፖርት፣ አርቲፒ በሚባል መንገድ ለብቻው ይጓዛል። ስለዚህ ስልኩ መጥራቱ ድምፅ ማለፉን አያረጋግጥም።

አሁን አዳፕተሩ ራውተር ጀርባ ተቀምጧል። አድራሻው 192.168.1.20 ይሁን እንበል። ጥሪ ሲጀምር መልእክቱ ውስጥ "ድምፅ ወደዚህ ላኩልኝ" ብሎ ይህንኑ አድራሻ ይጽፋል። 192.168.1.20 ግን ከቤታችሁ ውጭ የሚያውቀው የለም። ሩቅ ያለው ወገን ድምፁን ወደማይደረስበት ይልካል። እናንተ ዝምታ ትሰማላችሁ። የናንተ ድምፅ ግን ወደ ውጭ ስለሚወጣ እሱ በደንብ ይሰማችኋል።

መፍትሔው ላይ ቅደም ተከተል ጠብቁ። መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን አጥፉት። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ የሲፕ መልእክቶችን እየከፈተ አድራሻ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ግን አበላሽቶ ነው የሚቀይረው። እኔ ራውተር ስነካ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው፣ ሳልጠይቅ። ካልተስተካከለ አዳፕተሩ ውስጥ ስተን የሚባለውን አብሩ፤ አዳፕተሩ ውጭ የሚታወቅበትን አድራሻ ጠይቆ እንዲያውቅ ያደርገዋል። አገልግሎት ሰጪው የራሱን ፕሮክሲ (መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ከሰጣችሁ እሱን መጠቀም ይበልጣል።

ሁለት ራውተር ተከታትለው ካሉም አስተውሉ። ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣው አንዱ፣ እናንተ የጨመራችሁት ሌላው። አድራሻው ሁለቴ ይለወጣል፤ ፍለጋውም ያንኑ ያህል ይከብዳል። አንዱን ብሪጅ አድርጉት፤ አድራሻ ሳይቀይር ብቻ ያሳልፍ።

ጥሪው ሁልጊዜ 30 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን ይቋረጣል

አጋጣሚ አይደለም። ስልኩ ሲነሳ ያነሳው ወገን "አነሳሁ" ይላል፣ የደወለው ወገን ደግሞ "ሰምቻለሁ" ብሎ ያረጋግጣል። ማረጋገጫው መንገድ ላይ ከጠፋ ያነሳው ወገን መልሱን ይደጋግማል፤ በሲፕ ደንብ 32 ሰከንድ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። እስከዚያ ድምፅ ስለሚያልፍ ሰላምታ ተለዋውጣችሁ ወደ ቁም ነገሩ ስትገቡ ድርግም ይላል። ጥፋቱ ያው ሲፕ ኤኤልጂ ወይም የተሳሳተ አድራሻ ነው። የስልኩን ገመድ መቀየር እዚህ ምንም አይረባም።

መደወል እችላለሁ፣ ሲደወልልኝ ግን አይጠራም

ራውተሩ አዳፕተሩን ረስቶታል። አዳፕተሩ መልእክት ሲልክ ራውተሩ መመለሻ በር ይከፍታል። ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካላለፈ ይዘጋዋል። እናንተ ስትደውሉ በሩ እንደገና ይከፈታል፤ ሰው ሲደውልላችሁ ግን ዝግ ያገኘዋል። "ኪፕ አላይቭ" የሚለውን አብሩና በየ20 ወይም 30 ሰከንዱ ትንሽ መልእክት እንዲልክ አድርጉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አዳፕተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ ለጥቂት ደቂቃ ይጠራል፣ ከዚያ መልሶ ይጠፋል።

ሌሊት ይጠራል፣ ሳነሳው ማንም የለም። ቁጥሩም 100 ወይም 1000 ይላል

ሰው አይደለም፣ ሮቦት ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት 5060ን እያንኳኩ ደካማ ፓስወርድ ያለው የስልክ ሲስተም የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። አዳፕተራችሁ ሲያገኙት የጥሪ መልእክት በቀጥታ ይልኩለታል፤ እሱም እንደ እውነተኛ ጥሪ ይጮሃል። አገልግሎት ሰጪያችሁ ጋ ስላላለፈ በሒሳባችሁ ላይ አታገኙትም።

ሦስት ነገር አድርጉ። ራውተሩ ላይ 5060ን ወደ አዳፕተሩ የሚመራ ፖርት ፎርዋርድ ካለ አንሱት፤ በመደበኛ አገልግሎት አያስፈልግም። አዳፕተሩ ከተመዘገበበት ሰርቨር ብቻ ጥሪ እንዲቀበል አድርጉ። የራሱን የሲፕ ፖርትም ከ5060 ወደ ሌላ ቀይሩት።

ስልክ በሌሊት መጮሁ ትንሹ ጉዳት ነው። የሲፕ ፓስወርዳችሁ ከተገኘ በእናንተ ሒሳብ ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ሲደወል ያድራል። ስለዚህ ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፣ የአዳፕተሩ ገጽ ከውጭ እንዳይከፈት ዝጉት። አገልግሎት ሰጪው የዓለም አቀፍ ጥሪን መዝጋት ወይም በወጪ ገደብ መያዝ የሚፈቅድ ከሆነ ተጠቀሙበት።

ድምፁ ይቆራረጣል። ኢንተርኔቴ ግን ፈጣን ነው

ፍጥነት ሌላ፣ እርጋታ ሌላ። ስልክ ብዙ ኢንተርኔት አይበላም። ጂ.711 የሚባለው ኮዴክ (ድምፅ ወደ ቁጥር የሚለወጥበት ዘዴ) ራሱ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ መጠቅለያው ሲጨመር በኔትወርኩ ገመድ ላይ በየአቅጣጫው 87 ኪሎቢት ገደማ ይሆናል። ጂ.729 ደግሞ 8 ኪሎቢት ሆኖ ሲጠቀለል 31 ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ በጂ.729 ከጭነቱ መጠቅለያው ይበልጣል።

የሚያስቸግረው እሽጎቹ እኩል በሆነ ሰዓት አለመድረሳቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በአፕሎድ በኩል ነው። አንድ ሰው ቪዲዮ መስቀል ሲጀምር ድምፃችሁ ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ራውተሩ ላይ ኪውኦኤስ የሚባለውን የቅድሚያ መቼት አብርታችሁ ለአዳፕተሩ ቅድሚያ ስጡ፤ የአፕሎዱንም ጣሪያ ከትክክለኛው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አዳፕተሩ በዋይፋይ ማራዘሚያ በኩል ከሆነ የሚያገናኘው መጀመሪያ በገመድ ሞክሩት።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር በአንድ አቅጣጫ መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ካለፈ ሁለት ሰዎች በአንዴ ማውራት፣ በአንዴ ዝም ማለት ይጀምራሉ።

የኮዴክ ምርጫ ላይ አስተያየቴ አጭር ነው፦ ኢንተርኔታችሁ ጠባብ ካልሆነ ጂ.711። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ፒሲኤምዩ ይለመዳል፣ በአብዛኛው ሌላ ዓለም ፒሲኤምኤ። አገልግሎት ሰጪው የሚለውን አስቀድሙ።

የራሴ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስብኛል

የሚገርመው፣ የራሳችሁን ማሚቶ እናንተ ከሰማችሁት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያኛው ወገን ጋ ነው። ድምፃችሁ እዚያ ደርሶ ነው የሚመለሰው። የሚደውሉላችሁ ሰዎች የራሳቸውን ማሚቶ ሰማን ካሉ ግን እናንተ ጋ ነው። ያኔ የአዳፕተሩን የመስመር ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ የመስመሩ የኤሌክትሪክ ባሕርይ) ስልኩ ከተሠራለት አገር ጋር አስማሙ፤ 600 ኦም አንዱ ምርጫ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የድምፅ መጠኑንም ቀነስ አድርጉት።

ቁጥር ደውዬ ከጨረስኩ በኋላ ለምን ይዘገያል?

አዳፕተሩ መጨረሳችሁን አያውቅም። ሌላ ቁጥር ይኖር ይሆን ብሎ አራት ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ መሰላል ተጫኑ፣ ወዲያው ይሄዳል። ዘላቂው መፍትሔ ዲያል ፕላኑን ማስተካከል ነው፤ የምትደውሏቸው ቁጥሮች ስንት አሃዝ እንደሆኑ ይጻፍበታል፣ አሃዙ ሲሞላ ሳይጠብቅ ይደውላል። ስትጽፉት የአደጋ ጊዜ አጭር ቁጥሮችን አትርሱ።

"ለአማርኛ 1 ይጫኑ" ሲለኝ እጫናለሁ፣ አይሰማኝም

የቁልፉ ድምፅ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። በተለይ ጂ.729 ለሰው ድምፅ ስለተሠራ የቁልፍ ቃና ያጣምማል። የዲቲኤምኤፍ (የቁልፍ ቃና) መላኪያውን ወደ አርኤፍሲ 2833 ቀይሩት፤ ከዚያ ቁልፉ እንደ ድምፅ ሳይሆን "1 ተጫነ" የሚል መልእክት ሆኖ ይሄዳል። በአንዳንድ ሳጥኖች አዲሱ ስም አርኤፍሲ 4733 ነው፤ ያው ነገር ነው።

የደዋዩ ቁጥር በስልኩ መስኮት ላይ አይወጣም

የቁጥሩ አላላክ እንደ አገሩ ይለያያል። ቤልኮርና ኢቲኤስአይ የሚባሉ ደንቦች አሉ፣ በዲቲኤምኤፍ የሚላክም አለ። ስልኩ የተሠራለትን አገር መርጣችሁ ሞክሩ።

ፋክስስ?

ይሄዳል፣ ግን ጨዋነት አትጠብቁ። ሰው አንድ እሽግ ቢጠፋበት አያስተውለውም፤ ፋክስ ግን ገጹን ያበላሻል። ሁለቱም ወገን የሚችል ከሆነ ቲ.38ን ምረጡ። ካልሆነ በጂ.711 ላኩ፣ የዝምታ መቁረጫውን አጥፉ፣ የማሽኑን ፍጥነት ወደ 9600 ቢት በሰከንድ ዝቅ አድርጉ። በስልክ መስመር የሚሠራ የሌባ ማንቂያ ወይም የአሳንሰር ስልክ ግን በዚህ መንገድ ማገናኘትን አልመክርም።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራል?

አይሠራም። የድሮው መስመር ኃይሉን ከማዕከሉ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ አዳፕተሩ ግን የሚሞተው ከቤቱ ጋር ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ብትገዙ ራውተሩንና የኢንተርኔቱን ሞደም ጭምር ሰኩበት። አዳፕተሩን ብቻ ማብራት ዋጋ የለውም። የአደጋ ጊዜ ጥሪም ላይ አስቡበት፤ ሳጥኑን ወደ ሌላ ቤት ብትወስዱት ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል፣ የተመዘገበው አድራሻ ግን የድሮው ሊሆን ይችላል።

በቤቱ ግድግዳ ያሉትን የስልክ ሶኬቶች ሁሉ በአንድ አዳፕተር ማስነሳት ይቻላል?

ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ከውጭ የሚመጣውን የስልክ መስመር ከቤቱ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ለዩት። "መስመሩ ተዘግቷል" ማለት ኤሌክትሪክ የለበትም ማለት አይደለም። የማዕከሉ ቮልቴጅና የአዳፕተሩ ቮልቴጅ በአንድ ሽቦ ከተገናኙ የሚቃጠለው የናንተ ሳጥን ነው።

ከዚያ የደወሉን ጉልበት አስሉ። አርኢኤን የሚባል፣ ስልኩ ለመጥራት የሚፈልገውን ጉልበት የሚያሳይ ቁጥር በብዙ ስልኮች ሆድ ላይ ተጽፏል። አንድ ባለ ደወል የድሮ ስልክ 1 ገደማ ነው፤ ዘመናዊዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ደምሩና አዳፕተሩ ከሚችለው ጋር አስተያዩ። ካለፈ ስልኮቹ አይጠሩም፣ ወይም እንደታመመ ሰው እያቃሰቱ ይጠራሉ።

ብዙ አዳፕተሮች ቢኖሩኝስ? አንድ በአንድ እየገባሁ ላስተካክላቸው?

ከአምስት ካለፈ አትግቡባቸው። በማክ አድራሻቸው (የየሳጥኑ መለያ ቁጥር) የተሰየመ የኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም መቼታቸውን የያዘ ፋይል አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጡ፤ ሳጥኑ ሲበራ ራሱ ያወርዳል። የሰርቨሩን አድራሻ ዲኤችሲፒ (ለሳጥኑ አይፒ የሚሰጠው አገልግሎት) ውስጥ በኦፕሽን 66 መንገር ይቻላል። ፋይሉ ውስጥ የሲፕ ፓስወርድ ስላለ ቲኤፍቲፒ በሚባለው የፋይል መላኪያ አትላኩት፤ ምንም አይደብቅም። ኤችቲቲፒኤስ ተጠቀሙ።

ለእያንዳንዱ ሳጥን ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ያዙለት። ሳጥኑ ላይ ቁጥሩንና ያለበትን ክፍል ጽፋችሁ ለጥፉ። ሎጉን ወደ አንድ ሲስሎግ (ሎግ የሚሰበስብ) ሰርቨር ላኩት፤ "ትናንት ማታ ተቋርጦ ነበር" ሲሏችሁ የምታዩት ነገር ይኖራችኋል። ፈርምዌር ስታድሱም መጀመሪያ በአንዱ ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። እየታደሰ ሳለ ኃይል አትንቀሉ።

ፓስወርዱን ረሳሁት

ሪሴት። በግራንድስትሪም ኤችቲ ሳጥኖች በቀጭን ሽቦ ቁልፏን 7 ሰከንድ ገደማ ተጭኖ መያዝ ነው። ሁሉም መቼት ይጠፋል፣ የሲፕ አካውንቱም ጭምር። ስለዚህ ሳጥኑ በደንብ በሚሠራበት ቀን ኮንፊጉን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ጣት አስገብተው የሚያዞሩት የድሮ ስልክ ይሠራል?

ለመቀበል አዎ። ደወሉም ከፕላስቲኮቹ ይልቅ ያምራል። ለመደወል ግን አዳፕተሩ ፐልስ የሚባለውን የድሮ አደዋወል መቁጠር መቻል አለበት፤ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፣ መቼቱም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኮከብና መሰላል ስለሌለውም የድምፅ ሜኑውን ልትከፍቱበት አትችሉም። መጀመሪያ ስታስተካክሉ ባለ ቁልፍ ስልክ ከጎረቤት ተዋሱ።